ባቡሩ ሄደ ወይስ ሄዶ ነበር?

አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አስቡ። በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ ጋንሱ ክፍለ ሀገር ውስጥ ባለች አነስተኛ የወረዳ ከተማ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። እናቷ ጓንግዶንግ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ የምትመጣው በዓመት አንዴ፣ ለአዲስ ዓመት ነው። ለልጅቱ ስም ማውጣት አያስፈልግም። ወላጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ርቀው አያት ዘንድ የሚያድጉ የቻይና ገጠር ልጆች በሚሊዮን ስለሚቆጠሩ አንዷን ማሰብ ይበቃል።

ሰዓቱ ከምሽቱ ሦስት ተኩል ነው። የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መልመጃዋ የመጨረሻ ምንባብ ላይ ደርሳለች። ምንባቡ አጭር ነው። አንድ ልጅ ማታ ከአያቱ ጋር ተጣልቶ ያድራል። ጠዋት ሲነሳ አያቱ ወደ ሩቅ ከተማ ሊሄዱ ከቤት ወጥተዋል። ልጁ ይቅርታ ሊል እየሮጠ ወደ ባቡር ጣቢያ ይሄዳል። ቀጥሎ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ትመጣለች። በአማርኛ «ጣቢያው ሲደርስ ባቡሩ ሄዶ ነበር» ማለት ነው። ከታች ያለው ሦስተኛ ጥያቄ «ልጁ መጨረሻ ላይ ምን ተሰማው?» ይላል። ልጅቱ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ቢ»ን ታከብባለች፦ አያቱን ስለተሰናበተ እፎይ አለ።

ተሳስታለች። ልጁ አያቱን አላያቸውም።

የሚገርመው ግን ከዚህ በፊት ያለው ገጽ ነው። እዚያ፣ 12ኛው የሰዋስው ጥያቄ ላይ፣ ይህችው ዓረፍተ ነገር በሌላ ልብስ መጥታ ነበር። ባዶ ቦታ አለ፣ ከሥሩ አራት ምርጫ አለ። ልጅቱ ሳታመነታ «ሃድ ሌፍት» የሚለውን መርጣለች። ትክክል ነው። ለምን መረጠችው? ዓረፍተ ነገሩ «ባይ ዘ ታይም» ብሎ ስለሚጀምር። መምህርቷ ሰሌዳ ላይ ጽፈውላታል፦ «ባይ ዘ ታይም» ካያችሁ «ሃድ» ያለበትን ፈልጉ። ስለዚህ ባቡሩ መሄዱን፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንዳዘነ ምንም ሳታስብ አንድ ነጥብ አገኘች። ያንን ነጥብ ያገኘችበት እውቀት ግን ገጹን ስትገልጥ አብሯት አልተሻገረም።

የቻይና መካከለኛ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መልመጃ ችግር በሙሉ እዚህ ሁለት ገጾች መካከል ነው ያለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንዲህ ያለ ስህተት ሲታይ «ልጆቹ አያነቡም፣ ይሸመድዳሉ» ማለት ቀላል ነው። ነገሩ ግን ከስንፍና አይመጣም። ከቋንቋዋ ነው የሚመጣው። በቻይንኛ ግስ መልኩን አይለውጥም። ትናንት ሄደች፣ ዛሬ ትሄዳለች፣ ነገ ትሄዳለች፣ ግሱ ያው አንድ ነው። ጊዜውን የሚናገሩት ዙሪያው ያሉ ቃላት ናቸው፤ «ትናንት»፣ «ነገ»፣ «ገና»። ከግሱ ኋላ የምትጣል «ለ» የምትባል ትንሽ ድምፅ አለች፤ እሷም ነገሩ መፈጸሙን ወይም ሁኔታው መለወጡን እንጂ ኃላፊ ጊዜ መሆኑን አትናገርም። ባቡሩ ቀድሞ መሄዱን ለማስረዳት አንድ ቻይናዊ «ዪጂንግ» የሚል ቃል ይጨምራል፤ «አስቀድሞ» እንደማለት ነው። እንግሊዝኛው ምንባብ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል የለም። ሁሉ ነገር «ሃድ» በምትባል ሦስት ፊደል ላይ ተንጠልጥሏል። ልጅቱ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጊዜን ከግስ ውስጥ መፈለግ አልለመደችም፤ ዓይኗ ከግሱ ዙሪያ ያሉትን ቃላት ነው የሚያየው። ዙሪያውን አየች፣ ምንም አላገኘችም፣ አለፈች።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ምን ችግር አለው ይላል። ሄደ፣ ሄዷል፣ ሄዶ ነበር፣ ይሄዳል፣ ሊሄድ ነው፤ እነዚህን ማንም ያልተማረ ሰው ሳይቀር አያምታታቸውም። «ስደርስ ሄደ» እና «ስደርስ ሄዶ ነበር» በሚሉት መካከል ጠብ ሊነሳ ይችላል። በዚህ በኩል አማርኛ ለእንግሊዝኛ ቅርብ ነው።

በሌላ በኩል ግን አማርኛ ከቻይንኛ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል። «ትናንት ከአያቱ ጋር የተጣላው ልጅ» የሚለውን ተመልከቱ። መግለጫው ሁሉ ቀድሞ ልጁ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ቻይንኛም ልክ እንደዚሁ ያደርጋል። እንግሊዝኛ ግን መጀመሪያ ልጁን አቁሞ ከኋላው ያለውን ወሬ ይጎትታል፤ ልጁ፣ የተጣላው፣ ከአያቱ ጋር፣ ትናንት። ለዚህ ነው ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የቻይና ተማሪን የሚያደክመው። ዋናው ስም እስኪመጣ ትጠብቃለች፣ ስሙ ግን ካለፈ ቆይቷል። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ማን ማንን እንደተጣላ ጠፍቷታል። ከእንጦጦ በታች ያለ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪም በዚሁ ምክንያት እዚያው መስመር ላይ ይጠፋል።

«አለ» የሚለውን ቃል ደግሞ ውሰዱ። ግቢው ውስጥ ዛፍ አለ፤ መጽሐፍ አለኝ። አንድ ሥር ነው። ቻይንኛም ለሁለቱም «ዮው» ይላል። እንግሊዝኛ ለያይቷቸዋል። በመሆኑም ቻይናዊ ተማሪ «ዴር ሃቭ» ብላ ትጽፋለች፣ መምህርቷ በቀይ ያሰምሩበታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግማ ትጽፈዋለች። «ምንም እንኳ» ብላ ጀምራ መሐል ላይ «ግን» ትጨምራለች፤ ቻይንኛ ሁለቱም ጥንድ ሆነው እንዲመጡ ስለሚፈልግ ነው። እንግሊዝኛ አንዱን ብቻ ነው የሚፈቅደው። «አትወደውም?» ስትባል «አዎ፣ አልወደውም» ትላለች፤ ጨዋ መልስ ነው፣ አማርኛም እንዲሁ ይመልሳል፣ እንግሊዝኛው ግን ግራ ይጋባል። ሦስት መጽሐፍ ስትል «መጽሐፎች» ማለት ያስፈልጋል ብሎ የሚያስገድዳት ነገር በቋንቋዋ የለም፤ ሦስት ከተባለ ብዙ መሆኑ ታውቋል።

«ታ» የምትለዋ ቃል ጉዳይ ለብቻዋ ትቀመጥ። በንግግር እሱም «ታ» ነው፣ እሷም «ታ» ናት፣ ዕቃውም «ታ» ነው። «እሷ»ን በጽሑፍ ለመለየት የሚያገለግለው ምልክት ሥራ ላይ የዋለው እንኳ ከመቶ ዓመት ብዙም አይበልጥም፤ ገጣሚውና የቋንቋ ሊቁ ሊዩ ባንኖንግ እ.ኤ.አ. በ1920 ተከራክሮ ያስለመደው ነው። ድምፁ ግን እስከ ዛሬ አልተለየም። እንግሊዝኛን አቀላጥፈው የሚናገሩ ቻይናውያን ምሁራን እንኳ ሲቸኩሉ ሚስታቸውን «ሂ» የሚሏት ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ መዘርዘሩ አንድ ነገር ለማለት ነው። የልጅቱ ስህተት ሥርዓት አለው። ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል። እያንዳንዱን ስህተት ገና ሳትሠራው መተንበይ ይቻላል። ታዲያ ይህን ያህል የሚታወቅ ነገር ለምንድን ነው ለዓመታት እየተደጋገመ በቀይ እስክሪብቶ ብቻ የሚታለፈው?

መልሱ ፈተናው ነው። በቻይና እንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. ከ2001 መመሪያ ወዲህ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። በዘጠነኛ ክፍል ማብቂያ ላይ «ጆንግካኦ» የሚባለው ፈተና ይመጣል፤ ቻይንኛ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ ምሰሶዎቹ ናቸው። ነጥቡ እንደየአካባቢው ይለያያል፤ ቤይጂንግ እንግሊዝኛን ከ100፣ ሻንጋይ ከ150 ይይዘዋል። ጆንግካኦን ያለፈ ወደ መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲ መግቢያው። ያላለፈ ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። መንግሥት የሁለቱ ወገን ቁጥር ተቀራራቢ እንዲሆን ለዓመታት ሲገፋ ስለኖረ ወላጆች ይህን ፈተና ከዩኒቨርሲቲው መግቢያ በላይ ይፈሩታል። በ15 ዓመት ዕድሜ መንገድ የሚለይ ፈተና ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሌላው ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ቋንቋው በሩም ቤቱም ነው። ለቻይናዊቷ ልጅ በሩ ብቻ ነው፤ ካለፈች በኋላ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በቋንቋዋ ነው የምትማረው። በር ብቻ ስለሆነ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያስበው ስለ ቁልፉ ነው።

ቁልፉ ዘዴ ነው። ጥያቄውን ከምንባቡ በፊት አንብቢ። ከጥያቄው አንድ ቃል ያዢ። ያንን ቃል ምንባቡ ውስጥ ፈልጊ። ካገኘሽው ጎረቤቱ ያለችው ዓረፍተ ነገር መልሱን ይዛለች። ተማሪዎች ራሳቸው እየሳቁ የሚያወሩት ዘዴም አለ፤ ሦስቱ ምርጫ ረጅም ሆኖ አንዱ አጭር ከሆነ አጭሩን፣ ሦስቱ አጭር ሆኖ አንዱ ረጅም ከሆነ ረጅሙን። ይህ ቀልድ ነው፤ ቀልዱ ግን ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም ሩቅ አይደለም።

ከዚህ ተነስተው ብዙዎች የሚደርሱበት ድምዳሜ አለ። ቻይናውያን ራሳቸው «ድዳ እንግሊዝኛ» ይሉታል፤ አሥር ዓመት ተምሮ አፉን መክፈት የማይችል ሰው እንግሊዝኛ። ስለዚህ ሰዋስው ይቅር፣ ልጆች ፊልም ይዩ፣ ይዘምሩ፣ ያውሩ ይባላል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። የሚናገሩት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሻንጋይና ቤይጂንግ ነው የሚኖሩት።

የጋንሱዋ ልጅ ከማን ጋር ነው የምታወራው? በከተማዋ ጎዳና ላይ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው የለም። ሕፃን ልጅ ሰዋስውን ሳይማር የሚያውቀው ለዓመታት ቀንና ማታ ሲሰማው ስለሚኖር ነው። እሷ ያላት በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ፣ 50 ያህል ተማሪ የታጨቀበት ክፍልና አንዲት የደከሙ መምህርት ናቸው። ጆሮዋ የማያመጣላትን ነገር በደንብ የተብራራ ሕግ ያመጣላታል። «በእንግሊዝኛ ጊዜው ግሱ ውስጥ ነው፣ ዙሪያውን አትፈልጊ» ብሎ አንድ ሰው አንድ ቀን ቢነግራት ሁለት ዓመት ያተርፋታል። ሰዋስውን መናቅ ሌላ መንገድ ላለው ሰው የተሰጠ ድሎት ነው።

ሌላው መንገድ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጠቧል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 የቻይና መንግሥት «ሹዋንግ ጂያን» የተባለውን መመሪያ አወጣ፤ «ሁለቱን ሸክም መቀነስ» ማለት ነው፣ የቤት ሥራንና የማስጠኛን ሸክም። ከአንደኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ባሉ ዋና ትምህርቶች በትርፍ ማስጠናት ተከለከለ። ቅዳሜ፣ እሑድና በዕረፍት ወቅት ማስጠናት ቀረ። ውጭ አገር የተቀመጠ ፈረንጅ አስተማሪ በኢንተርኔት መቅጠርም ተከለከለ። የአገሪቱ ትልቁ የእንግሊዝኛ ማስጠኛ ኩባንያ «ኒው ኦሪየንታል» የተዘጉ ክፍሎቹን ወደ 80,000 የሚጠጉ ጠረጴዛና ወንበሮች ለገጠር ትምህርት ቤቶች ሰጠ። ከዚያም በቀጥታ ስርጭት የግብርና ምርት መሸጥ ጀመረ። በ2022 ከአስተማሪዎቹ አንዱ የነበረው ዶንግ ዩሁዪ ሩዝና ስጋ እየሸጠ፣ ነጭ ሰሌዳ ላይ የእንግሊዝኛ ቃል እየጻፈ በአንድ ወር ውስጥ በመላ ቻይና ታወቀ። ሕዝቡ ሩዙን ገዛ፣ ቃሉንም ሰማ። እሱ ራሱ የሻንሺ ገጠር ልጅ መሆኑ ሰውን ይበልጥ ሳያስለቅሰው አልቀረም።

መመሪያው ክፉ አልነበረም። ልጆች በእርግጥ እየተቃጠሉ ነበር፣ ወላጆችም ኪሳቸው እየተራቆተ። ግን ገንዘብ ያለው ቤተሰብ አስጠኚ ቤቱ ድረስ በድብቅ ያስመጣል፤ ቃል ላይ ሲያሳልፉት በቻይንኛ የሚያነብ የመዝገበ ቃላት እስክሪብቶም ይገዛል። የጋንሱዋ ልጅ ማስጠኛ ድሮም አልነበራትም፣ አሁንም የላትም። ለእሷ የቀረላት አስጠኚ የመልመጃው መጽሐፍ ነው። መልመጃው ከተበላሸ ሌላ የሚያርማት የለም።

አንድ የሒሳብ ስሌት እዚህ ላይ ይግባ። የአገሪቱ የእንግሊዝኛ ሥርዓተ ትምህርት አንድ ተማሪ ዘጠነኛ ክፍልን ሲጨርስ 1,600 ያህል ቃል እንዲያውቅ ይጠይቃል። ያንን ሁሉም ሰው ያስታውሳል፣ ቃላቱ በዝርዝር ስለታተሙ። ሌላ ቁጥርም አለ፤ ከክፍል ውጭ የሚነበበው ንባብ ተደምሮ ከ150,000 ቃል በላይ እንዲሆን ይላል። ይህን ማንም አይፈትነውም፣ ስለዚህ ማንም አያስታውሰውም። ለሦስት ዓመት ሲካፈል በቀን 137 ቃል ገደማ ነው። አንድ የፈተና ምንባብ እንኳ አይሞላም። የዛሬ ማታ የባቡሩ ታሪክ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። ልጅቱ በየማታው ከዚህ በላይ ቃል ታያለች፤ ችግሩ አታነበውም፣ ትፈልግበታለች። እንደ ጠፋ ቁልፍ።

ታዲያ ጥሩ መልመጃ ምን ይመስላል? አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። 12ኛውን ጥያቄ ከዚያኛው ገጽ ነቅሎ ምንባቡ ሥር መትከል ይበቃል። አራት ምርጫ አቅርቦ የትኛው ቅርጽ ትክክል ነው ከማለት ይልቅ «ልጁ አያቱን አያቸው ወይስ አላያቸውም? የትኛዋ ቃል ነገረችሽ?» ብሎ መጠየቅ። ጣቷን «ሃድ» ላይ ካሳረፈች ሰዋስው ገባት። ካላሳረፈች አንድ ሺህ ባዶ ቦታ ብትሞላም አልገባትም። ወይም ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ወደ ቻይንኛ መልሺያቸው ማለት። አንዱን ስትመልስ «ዪጂንግ»ን መጨመር ግድ ይሆንባታል። ያ የጨመረችው ቃል እንግሊዝኛው ውስጥ የት ተደብቆ እንደነበር ራሷ ታገኘዋለች። የእናት ቋንቋን ከእንግሊዝኛ ክፍል ማባረር ዘመናዊነት የሚመስላቸው አስተማሪዎች በየአገሩ አሉ፤ ተማሪዋ ግን በልቧ መተርጎሟን አትተውም፤ ያለ አስተማሪ፣ ብቻዋን ትተረጉማለች።

ረጃጅሞቹን ዓረፍተ ነገሮች በተመለከተ ደግሞ ከሕግ ይልቅ ጣት ይሻላል። ዋናው ስም ላይ ጣት ማሳረፍና ወሬው እስኪያልቅ አለማንሳት። ልጅቱ ይህን ማንም ሳያስተምራት ታደርገው ይሆናል፤ አያቷ ማንበብ የሚያውቁትን ጥቂት ፊደል ሲያነቡ እንደሚያደርጉት።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ይጮሃል። እናት ፈረቃዋን ጨርሳ ነው፣ በዊቻት በምስል።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ ልጄ?»

«እንግሊዝኛ።»

እናት ትስቃለች። እሷ መካከለኛ ትምህርት ቤት ሳለች ሊ ሌይና ሃን መይመይ የሚባሉ ልጆች ያሉበት መጽሐፍ ነበር፤ በ1980ዎቹ የተወለደ ቻይናዊ ሁሉ እንደ ጎረቤቱ ያውቃቸዋል። ከዚያ ሁሉ የቀራት አንድ ነገር ነው። «ፋይን፣ ታንክ ዩ። ኤንድ ዩ?» ትላለች እየሳቀች። ሁሌም ይህንኑ ነው የምትለው።

«ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?»

ልጅቱ በቻይንኛ ትነግራታለች። ከአያቱ ጋር ተጣላ። ጠዋት ተጸጸተ። ሮጠ። ጣቢያ ሲደርስ ባቡሩ አስቀድሞ ሄዷል።

«ውይ» ትላለች እናት። «ሳያያቸው ቀረ?»

ልጅቱ ዝም ትላለች። ወረቀቷን ታያለች። «አስቀድሞ» ያለችው እሷ ራሷ ናት። ምንባቡ ውስጥ እንዲህ የሚል ቃል የለም፤ ግን ከአፏ ወጥቷል። ወደ አራተኛው መስመር ትመለሳለች፣ ጣቷን ታሳርፋለች።

«ሳያያቸው ቀረ» ትላለች።

ላጲሷን አንስታ «ቢ»ን ታጠፋለች። ከጓዳ አያቷ «መብራቱን አጥፊውና ተኚ» ይላሉ። እናት ነገ ስንት ሰዓት እንደምትነሳ ትጠይቃለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።